ያ አስጠሊታ ቀለም

ዓፊፋ ዛሂድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው፣ የእሷ ሊሆን በተመደበው ኪቦርድ ላይ በለስ ሲልጥ ነው።

ሥራ የጀመረችበት ቀን ነበር። ድርጅቱ መድኃኒት አከፋፋይ ነው፤ መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር። የተሰጣትን ወንበር ፍለጋ ስትገባ፣ አንድ ፀጉሩ የተንጨባረረ ወጣት የበለሱ ጭማቂ በጣቶቹ መሃል እየወረደ ቁልፎቹን ይነካካል።

«ኤጭ! ይሄ ነው የኔ ኮምፒውተር?»

«ዋይ! ይቅርታ ሓፍተይ፣ እህቴ...» እጁን በሱሪው ጠረገና ያንኑ እጅ ዘረጋላት። «ዛሂድ እባላለሁ።»

አልጨበጠችውም። ኪቦርዱን በሶፍት ስትፈትግ ዋለች፤ ማቅለሽለሹ ግን ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ።

ሁለቱም ፕሮግራመሮች ናቸው። እሷ ከኮምቦልቻ ለዩኒቨርሲቲ መጥታ መቀሌ የቀረች፤ እሱ ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ ሰዎች ልጅ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ። የድርጅቱ የመድኃኒት መረጃ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር የኮምፒውተር መስኮት ላይ እየተግተለተለ ሲወርድ በቀለም የሚለየውን ላይብረሪ፣ ማለትም የጋራ ኮድ፣ የጻፈው ዛሂድ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቀለማቸውን ከዚያ ይወስዳሉ፤ መጋዘኑም የሚጫነውን የሚለየው በዚሁ ቀለም ነው። ደህናው መድኃኒት ሰማያዊ ነው። ጊዜው ያለፈበት ደግሞ ወፍራም፣ የደፈረሰ ቢጫ... ሆዱን የታመመ ሕፃን ዳይፐር የመሰለ!

«ይሄን ቀለም ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«ያስመልሳል እኮ! ቀይ እያለልህ?»

ዛሂድ አንገቱን ደፋ። «ተይው በናትሽ። እንዲሁ ይሁን።»

ምክንያቱን አልነገራትም። ግትር መሰላት፤ ግትርና ቆሻሻ።

አንድ ቀን ታዲያ ዝናብ ይዟት ስትንቀጠቀጥ ጃኬቱን አወለቀላት። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ተጸይፋ ለበሰችው፤ ስታወልቀው ግን ቅር አላት። ለምን ቅር እንዳላት ልታስበው አልፈለገችም።

ዛሂድ ለእህቱ ሰርግ ፈቃድ የወጣ ሰሞን ላይብረሪውን ከፈተችና ቀለሞቹን ለወጠች። ደህናው አረንጓዴ፣ ያለፈበት ቀይ። ለማንም አልተናገረችም። ሲመለስ አይቶ ይደነቃል ብላ ነበር።

በተመለሰበት ቀን ዓይደር አካባቢ ካለ ፋርማሲ ስልክ ተደወለ። ጊዜው ያለፈበት የልጆች ሽሮፕ ተልኮላቸዋል። ወደ ሌሎችም ፋርማሲዎች ወጥቷል። የጫኑት የመጋዘኑ ኃላፊ ኣያ አረጋዊ ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ዝምተኛ ሰው። ሥራ አስኪያጁ ገዛኢ ቢሮውን በጩኸት አናወጠው።

ዛሂድ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ኣያ አረጋዊን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ቀለሙ የሚመጣው ከኔ ላይብረሪ ነው።»

ዓፊፋ ደሟ ፈላ። ቀይ እንዴት ያሳስታል? በፕሮግራሙ ሌላ ቦታ አበላሽቶ እንጂ!

«ሕፃናት የሚጠጡትን!» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ። «እጁን እንኳ ከማይታጠብ ሰው ምን ይጠበቃል? ትቀፋለህ!»

ገዛኢ ሁለቱንም መድኃኒቱን እንዲሰበስቡ ላካቸው። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥግ ይዛ ፊቷን አዞረች።

«ዓፊፋ... ኣያ አረጋዊ ቀይና አረንጓዴ አይለዩም።»

«ምን?»

«ከልጅነታቸው ጀምሮ። ከሥራ እወጣለሁ ብለው ስለሚፈሩ ከኔ በቀር ማንም አያውቅም። ለሰው አትንገር ብለውኝ ነበር። አንቺ ካላወቅሽ ግን ነገም ትቀይሪዋለሽ።»

«ያ ቢጫ... ለእሳቸው ብለህ ነው?»

«ብዙ ሞከርን። እሱን ነው አጥርተው ያዩት።»

ሾፌሩን አስቁማ ወረደችና መንገድ ዳር አስመለሳት። ያስመለሳት በለሱ አልነበረም፣ ቢጫውም አልነበረም። የጠላችው ራሷን ነበር። ዛሂድ ከኋላዋ ቆሞ ውሃ አቀበላት።

«እኔ እንደቀየርኩት መቼ አወቅህ?»

«ገና እንዳየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ወደ ቀይና አረንጓዴ ቀየርሽው ካልኩ፣ ታዲያ ኣያ አረጋዊ ለምን ተሳሳቱ ይባላል፤ የሳቸውም ምስጢር ይወጣል።» ውሃውን መልሶ ተቀበላት። «ደግሞ አንቺን ማስወቀስ አቃተኝ። ግን እውነቱን ልንገርሽ... ዛሬ አስጠልተሽኛል።»

አንገቷን ነቀነቀች።

እስከ ምሽት ሽሮፑን አንድ ጠርሙስ ሳይቀር ሰበሰቡ። አልሐምዱሊላህ፣ የጠጣ ልጅ አልነበረም። በማግስቱ ገዛኢ ዘንድ ገብታ «ቀለሙን ሳላስፈቅድ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ዛሂድ ንጹሕ ነው» አለች። የኣያ አረጋዊን ነገር ግን አላነሳችም። እሳቸው በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ገቡ።

«ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም» አሉ። «እኔም ደብቄያለሁ።» ሁሉንም ተናገሩ።

ገዛኢ ሦስቱንም ገሰጻቸው። ማንንም ግን አላባረረም። ቢጫው ተመለሰ።

ዛሂድ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከሰላምታ በቀር አላናገራትም። ዓፊፋ አለቀሰች፤ ለመነች፤ ከዚያ መለመኑን ትታ መጠበቅ ጀመረች። አንድ ቀን ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«መጥላቱ አልሆነልኝም» አለ። «ብዙ ታገልኩ... አልሆነልኝም።»

«እኔም መጀመሪያ አንተን ለመጸየፍ ታግዬ ነበር፤ አልሆነልኝም» አለችና ሳቋና እንባዋ ተቀላቀሉ።

ከረመዳን በኋላ ሽማግሌዎች ዓፊፋን ለዛሂድ ሊጠይቁ ኮምቦልቻ፣ ወላጆቿ ዘንድ ሄዱ። አንደኛው የዛሂድ አጎት፣ ሌላኛው ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡት ኣያ አረጋዊ ናቸው። ዓፊፋ ከጓዳ በር ኋላ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች።

«የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ አባቷ።

ኣያ አረጋዊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለባበሱ ዝርክርክ ነው፤ አልዋሽም። የሰው ገመና ግን ይሸፍናል።»

አባቷ ወደ ጓዳው በር አየት አደረጉና ፈገግ አሉ።

«እንግዲያ የኛይቱንም ገመና ይሸፍንላት» አሉ።