ከፎጣው ስር የተዘጋው ሽያጭ

ይህን የምጽፈው ላሳምናችሁ ብዬ አይደለም። ያላመነኝ ሰው ብዙ ነው፤ ሚስቴም አንዷ ናት። ግን ሆኗል። የሆነውም በዚህ በገዛ እጄ ነው።

ወሩ የካቲት፣ ዓመቱ 1998። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ቦታው ጅግጅጋ፣ የራዲዮ መጠገኛ ሱቄ።

ጅግጅጋ የኖረ ሰው ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ሱቅ ይዘጋል። ሰው ጫቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። መንገዱ ላይ የሚቀረው ፍየል ብቻ ነው። ሌሊት እንኳ እንደዚያ ጭር አይልም...

የምሸጠው ሳክስፎን ነበር።

አያቴ ሐረር በሠራዊት ባንድ ሲነፋው ኖሮ ለአባቴ ለሃምሳ አለቃ ተሻለ አወረሰው። አባቴ ደግሞ እዚሁ ጅግጅጋ ጦር ሰፈር ነፋው። በ83 ሠራዊቱ ሲበተን የመንግሥትን ዕቃ አስረክቦ ይሄን ይዞ ወጣ፤ የቤታችን ነበራ። በ89 አረፈ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን የከፈተው የለም።

እኔ መንፋት አልችልም። እኔ የምችለው ማዳመጥ ነው።

ራዲዮ መጠገን ያስተማረኝ የለም። ጆሮዬን አስጠግቼ ቁጭ እላለሁ። ስታገሰው፣ የቱ ጋ እንደታመመ ራሱ ይነግረኛል።

የልጄን ደረትም እንደዚያው ነበር የማዳምጠው።

ሮዛ ስድስት ዓመቷ ነው ያኔ። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ከዚያ ይቆማል... ከዚያ እንደገና ያፏጫል። እኔን የሚያስፈራኝ ፉጨቱ አልነበረም። መቆሙ ነበር።

በዚያ ሰሞን መቆሙ እየረዘመ መጣ። ጠበል ወሰድኳት። ሐኪም ቤትም ወሰድኳት። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ፣ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ ሳትውል ሳታድር አዲስ አበባ አድርሳት አለኝ።

ቤቴ ውስጥ ዋጋ የሚያወጣ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

ደላላው ጎረቤቴ ዋርሳሜ ነው። የግመል ደላላ ነው፤ ሳክስፎን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ቢሆንም በሦስት ቀን ውስጥ ከቱሊ ጉሌድ አንድ ነጋዴ ይዞልኝ መጣ። ዐቦኮር ይባላል፤ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጅቡቲ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው አለ፣ ለእሱ ነው የምወስደው አለ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ሳጥኑን ከፈትኩ።

ዋርሳሜ አጎንብሶ አየው።

"ዋላል፣ ወንድሜ፣ ለዚህ የሽንት ቤት ቧንቧ ነው ከጫቴ ያስነሳኸኝ?"

ሳቅን። ዐቦኮር ግን አልሳቀም። መንፊያው ላይ የምትታሰረውን ቀጭን ሸምበቆ በጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ ጣቱን ሽርጡ ላይ ጠረገ።

"ዛሬ ማን ነፋው?"

"ማንም።"

"እርጥብ ነው።"

ነካሁት። እርጥብ ነበር...

ዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ሳጥን። ሰው ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ በሚደርቅበት በየካቲት።

ዘይት ይሆናል አልኩ። ለእሱ አልኩት እንጂ ለራሴ አልሆነኝም። ከሳጥኑ ሳወጣው ናሱ ሞቀኝ። ፀሐይ የሞቀው ነገር ላይ ላዩን ነው የሚሞቀው። ይሄ ከውስጥ ነበር።

ግን ሮዛን አሰብኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ዋርሳሜ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። ግመልም ይሁን ቧንቧ፣ እኔ በአፍ ዋጋ ጠርቼ አላውቅም አለ።

ለማታውቁት ላስረዳ። በከብት ገበያ ደላላው የሻጭና የገዢን እጅ በፎጣ ይሸፍናል። ገዢው ከስር የሻጩን ጣቶች ይይዛል። የያዘው ጣት ብዛት ዋጋው ነው፤ አንድ ጣት እንደ ዕቃው መቶም ሺም ይሆናል። ካልተስማማህ ጣትህን ትስባለህ። ከተስማማህ አጥብቀህ ትጨብጣለህ። ከተጨበጠ በኋላ መመለስ የለም።

ዐቦኮር ሁለት ጣቴን ያዘ። ሳብኩ።

ሦስት ያዘ። ሳብኩ። እጁ ለስላሳና ደረቅ ነው፤ የነጋዴ እጅ።

ለቀቀኝ። ትንሽ ቆየ...

ከዚያ እጅ መጣ።

ትንሿን ጣቴን ብቻ ያዘ።

ግራ ገባኝ። ዋጋ ወደ ታች አይሄድም። ከመቶው ወጥቶ ወደ ሺው ተሻገረ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ለሮዛ የሚበቃ ዋጋ። ጆሮዬ ላይ የነበረው የእሷ ደረት መቆም ብቻ ነበር...

አጥብቄ ጨበጥኩ።

እጁም አጥብቆ ጨበጠኝ። ያኔ አውራ ጣቱን አወቅሁት።

ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ክብደቱን የሚሸከመው በቀኝ አውራ ጣቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲሸከም ጎኑ ላይ ሽንብራ የምታህል ሥጋ ትጠጥራለች። ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲወስደኝ፣ መንገዱን ሁሉ ያቺን ጠጠር እየዳበስኩ ነበር የምሄደው።

አሁንም ዳበስኳት።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ።

የዐቦኮር ሁለት እጆች ጭኑ ላይ ነበሩ። የሙስበሃውን ዶቃ ይቆጥራል። ዋጋ እያሰበ ነው።

ዋርሳሜ የሚያየው ፎጣውን ነው። ፎጣው ከእኔ እጅ ማዶ፣ ሌላ ክንድ እንደሸፈነ ሁሉ ከፍ ብሏል።

"ሀብተየስ..." አለኝ በሹክሹክታ። "ከማን ጋር ነው የዘጋኸው?"

ጣቴን ልስብ ሞከርኩ፤ አልወጣም።

"ልቀቀው።"

"እሱ ነው የያዘኝ።"

ዋርሳሜ ፎጣውን ገፈፈ።

የእኔ እጅ ብቻ ነበር። ትንሿ ጣቴ ደም እንዳጣች ነጥታለች። እርጥብ ናት።

ዐቦኮር በዝግታ ተነሳ። አዑዙ ቢላህ ሲል ሰማሁት። በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"ወንድሜ፣ የተሸጠ ዕቃ ላይ ዋጋ አልሰጥም።"

ዋርሳሜም ተከተለው። ፎጣውን መሬት ላይ ጥሎት ሄደ። ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል፤ እጄን ግን አይጨብጥም።

ወደ ቤት ሮጥኩ። ሚስቴ ደጅ ላይ ታለቅሳለች።

"ዳነችልን" አለችኝ። "ከምሳ በኋላ ቀጥ አለ። ፉጨቱ የለም።"

ሮዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች። ፊቷ ፈክቷል። በስመ አብ ብዬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ።

ፉጨት የለም። መቆምም የለም። ልቧ ይመታል።

ግን ቆይቼ አዳመጥኩ... እኔ ማዳመጥ አውቃለሁ። ከልቧ ምት ሌላ የሚገባም የሚወጣም ነገር አልነበረም።

"አባባ፣ ምን ትሰማለህ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

ተመስገን አልኩ። አሁንም በየማለዳው እላለሁ። ልጄ አለች፤ ትበላለች፣ ትስቃለች። ዋጋው ምን እንደነበር ግን የነገረኝ የለም። አዲስ አበባም አልሄድን።

አሥር ወር አለፈ። ታኅሣሥ ላይ የጅግጅጋ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ሮዛን ትምህርት ቤት ሳደርስ ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈው፣ ማን ያስረዝማል እየተባባሉ እንፋሎት ከአፋቸው ያወጣሉ። ሮዛም ጉንጯን ነፍታ፣ አፏን ከፍታ "ሃ..." አለች።

ምንም አልወጣም።

ልጆቹ እስኪስቁባት ድረስ ደገመችው። ምንም።

ቤት ተመልሼ ከአልጋው ስር ሳጥኑን ሳብኩ። ክዳኑን ከፈትኩ።

ከሳክስፎኑ ሰፊ አፍ ነጭ እንፋሎት በቀስታ ይወጣል።

ሁለት ትንፋሽ ነበር። አንዱ አጭር፣ ፈጠን ያለ፣ የልጅ። ሌላው ረጅም፣ የሽማግሌ።

ተራ እየተጠባበቁ ይወጡ ነበር...