ሀ አንድ አይደለም

ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት እንዳስተምር ስመደብ የተወለድኩበት ዓለም ከተማ ደረሰኝ፤ አባቴ ቤት ተመለስኩ ማለት ነው። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሰጡኝ። ሰሌዳው ላይ ሀ ብዬ ጻፍኩና «ስንት ነው?» አልኩ።

«አንድ» አሉ ሁሉም።

«ማን ነገራችሁ?»

«የመጀመሪያው ፊደል ነዋ። ለ ደግሞ ሁለት ነው።»

ትዕግሥት የለኝም። «ሀ ስም ብቻ ነው፤ ባዶ ቤት በሉት። መጀመሪያ ስሙን እናስታውቃለን፣ ቀጥሎ ዋጋ እናስገባለን። ዛሬ አምስት፣ ነገ ዘጠኝ። የፊደል ተራው አይወስንለትም።»

ከኋላ ወንበር ሰው ሳቀ። የጂኦግራፊ መምህሩ ቢተው ነበር። ትርፍ ሰዓት ሲያገኝ እየመጣ ይቀመጣል፤ ሒሳብ ልማር ነው ይላል። አላመንኩትም፤ አልከለከልኩትምም።

ሲደወል በረንዳው ላይ ጠበቀኝ።

«ዘጠኝ ሲገባ አምስቱ የት ይሄዳል?»

«ይጠፋል።»

«ሳይከራከር?»

«ሳይከራከር።»

«እኔ ጋ እንዲህ አይቀልም፣ የትምወርቅ» አለ። «አባቴ ማረሻ ቀጥቃጭ ነው። ካርታ ባስተምር፣ ከረባት ባስር፣ ያገሬ ሰው የሚያየው የአባቴን ወናፍ ነው።»

«ይየው። ሽማግሌ ላክ።»

«አባትሽ ያባርሯቸዋል።»

«እኔስ?»

ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ደጁ ላይ ቆሙ። አዛውንቱ አያ ጌጡ በትራቸውን ተደግፈው «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

«የማን ልጅ?» አሉ አባቴ፣ እያወቁ።

«ለቢተው። ለመምህሩ።»

«ለቀጥቃጩ ልጅ በሉ። እኔ ወንዳፈራሁ፣ ልጁን ለወናፍ ዳረ ላስብል? መንገዱ ያውላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አግዳሚውን ወንበር ከውስጥ ተሸክሜ ወጣሁና ፊታቸው አኖርኩት።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ።»

«አንቺ ልጅ፣ ግቢ» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሺ ብያለሁ።»

«እነዚህ ከተቀመጡ ከዚህ ቤት አንዲት ክር ይዘሽ አትወጪም።»

«የለበስኩት ይበቃኛል።»

አያ ጌጡ አባቴን አዩ፤ እኔን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸመግሉ የምትዳረዋ ልጅ ራሷ ወንበር አቅርባላቸው አታውቅም። «እንግዲህ ጉልበቴም ደክሟል» ብለው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱ ተከተሏቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ያ አሳመመኝ። ግን አልጠራኋቸውም።

ቢተው የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ይጠብቅ ነበር፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ምን ተባለ?»

«ተቀመጡ።»

እጄን ያዘ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየን በዋናው መንገድ መሃል ሄድን፤ አንድም ጊዜ አልለቀቀኝም።