ምራኑ የት ገባ?

ትብለጥ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉብል የሚባል ቡናማ ውሻ አላት።

የትብለጥ አባት ወሬ አያበዛም። ሲናገር ግን ሁሉም ይሰማዋል። ጉብል እንኳ ጆሮውን ያቆማል።

አንድ ቀን የትብለጥ የአንገት ጨሌ ጠፋ። «አባዬ፣ ጨሌዬ!» ብላ አለቀሰች።

«ዕቃ እግር የለውም» አላት አባቷ። «እግር ያለሽ አንቺ ነሽ። በሄድሽበት ተመለሺ። ‹መጨረሻ የት ያዝኩት? ከዚያስ የት ሄድኩ?› እያልሽ ጠይቂ።»

ትብለጥ ጠየቀች። መጨረሻ የት ያዝኩት? ምንጩ ዳር! ሮጣ ሄደች። ጨሌው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የአባቷ ዕቃ ጠፋ። ምራኑ የለም!

ምራን ጠንካራ የቆዳ ጠፍር ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው እሱ ነው። ያለ ምራን ማረስ አይቻልም።

ቅጭል! ቅጭል! ጎረቤታቸው አያ ዳምጤ በሬያቸውን እየነዱ መጡ።

በትብለጥ ቤት አንድ በሬ አለ፤ ስሙ ቦራ ነው። አያ ዳምጤም አንድ በሬ አላቸው፤ ስሙ ዳማ ነው። ሁለቱ በሬዎች ተቀናጅተው አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ያርሳሉ።

ዛሬ ተራው የትብለጥ ቤት ነው። ነገ ዳማ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ምነው፣ ዳማ ሣር ሊግጥ ነው እንዴ የመጣው?» አሉ አያ ዳምጤ እየሳቁ።

አባቷ አልሳቀም። መስቀያውን አየ። የለም። አልጋው ሥር አየ። የለም። ከበሩ ኋላ አየ። የለም!

ከዚያ ጉብልን አየው።

«ውሻው በልቶታል» አለ። «ጠፍር የሚበላ ውሻ እዚህ ቤት አያድርም። ዛሬውኑ ለአያ ዳምጤ እሰጠዋለሁ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አሉ አያ ዳምጤ። «የእኔን ጠፍር ደግሞ ሊበላ?»

ትብለጥ የጉብልን አንገት አቀፈች። አፉን ከፍታ አየች፤ አሸተተችው። ጠፍር ጠፍር አይሸትም!

«ጉብል አልበላውም!» አለች። «አባዬ፣ ዕቃ እግር የለውም። እግር ያለህ አንተ ነህ!»

አያ ዳምጤ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ትብለጥ አባቷን መጠየቅ ጀመረች።

«መጨረሻ የት ያዝከው?»

«ትናንት፣ ከማሳ ስመለስ። ትከሻዬ ላይ ነበር።»

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

«ወደ መስቀያው።»

«ሰቀልከው?»

«አልሰቀልኩትም። ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር።»

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

የአባቷ እግር መሄድ ጀመረ።

አባቷ ከፊት፣ ትብለጥ ከአባቷ ኋላ፣ ጉብል ከትብለጥ ኋላ፣ አያ ዳምጤ ከጉብል ኋላ።

ቤቱን ዞሩ። ጎተራውን ዞሩ። ከጎተራው ጀርባ አንገቱ የተሰበረ እንስራ አለ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖበታል።

አባቷ ድንጋዩን አነሳ። እጁን ከተተ። ቦጭ! ቦጭ!

ምራኑ ወጣ! ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ለካ አባቷ ምራኑ እንዲለሰልስ ውኃ ውስጥ ነክሮት ነበር። ጉብል እንዳያገኘው ብሎ ደግሞ በድንጋይ ከደነው። በጣም ደህና አድርጎ ደበቀው። ከራሱም ጭምር ደበቀው!

«እዚህ ማን አስቀመጠው ይሆን?» አሉ አያ ዳምጤ፣ እያወቁ።

አባቷ ምራኑን አየ። ጉብልን አየ። ትብለጥን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጉብል አልበላውም። እኔ ረስቼ ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጉብልን ራስ ደባበሰ። ከዚህ በፊት ደባብሶት አያውቅም። የጉብል ጭራ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ!

ምራኑ ታሰረ። ጅራፉ ጮኸ። ጧ! «ና ቦራ! ሂድ ዳማ!» መሬቱ እስኪመሽ ተገለበጠ።

ማታ አባቷ ምራኑን መስቀያው ላይ ሰቀለ። ትብለጥን ጠራት።

«የት አስቀመጥኩት?»

«መስቀያው ላይ!»

«አትርሺ» አላት።

«አንተም አትርሳ» አለችው።

አባቷ ፈገግ አለ፣ ትንሽ ብቻ። የእራት ዳቦውን ለሁለት ቆረሰና ትልቁን ለጉብል ሰጠው።

ትብለጥ አልጋዋ ላይ ወጣች። አባቷ እሳቱ ዳር ተቀመጠ። እግሩ የትም አልሄደም።

ጉብል ተኝቶበት ነበር።