አምስተኛው ቀዘፋ

ጣቷ እስክሪብቶ አልይዝ አለ። የመሐል ጣቷ ነው፤ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎ ከሌሎቹ ተለይቶ ቀጥ ብሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት ከፋውንዴሽኑ የመጣችው ባለሙያ፣ ቅጹን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፋች።

«ግድግዳ መታኝ።»

የዋና ክለቡ ትንሽ ቢሮ በሳቅ ሞላ። እናቷ ሳቀች። አሰልጣኙ በሩ ላይ እንደ ቆመ ሳቀ። «ግድግዳው ምን በወጣው! እሷ ናት ሄዳ የተላተመችበት። እዚህ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ጭልጥ ነው የምንላት» አለ።

ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ጭልጥ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ከሄደች መመለሻዋን የሚያውቅ የለም። ካልሲ ትረሳለች፣ ደብተር ትረሳለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ እንዳለች መውረጃዋን በሦስት ፌርማታ ታልፋለች። አንድ ጊዜማ የዋና ቆቧን ሳታወልቅ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተምራ ጨርሳለች። መምህሩ እንኳ አዲስ የፀጉር አሠራር መስሏቸው ዝም ብለዋት ነበር።

ዛሬ ግን ትልቅ ቀን ነው። ፋውንዴሽኑ ከሕዝብ በሚያሰባስበው ገንዘብ ተስፋ የተጣለባቸውን ወጣት ስፖርተኞች ይደግፋል። በየዓመቱ በየክለቡ ገንዳ ማጣሪያ ይደረግና ሰዓቱ ተነጻጽሮ ከሁሉም ክለቦች በጀርባ ዋና አንዲት ልጅ ብቻ ትመረጣለች። የተመረጠችው ልጅ ሁለት ዓመት በትልቁ ማሠልጠኛ ትኖራለች፤ ትምህርቷ፣ ምግቧ፣ ሐኪሟ፣ ጉዞዋ ሁሉ በእነሱ ነው። የዘንድሮዋ ልጅ ጭልጥ ናት።

እናቷ ስለ ትምህርቱ ታስባለች፣ አሰልጣኙ ስለ ሜዳልያው። የጭልጥን ልብ የወሰደው ግን የማሠልጠኛው ጣሪያ ነው። የጀርባ ዋናተኛ ገንዳን የምታውቀው በጣሪያው ነው። ጭልጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ያየችው እርጥበት የበላው ኮርኒስ ነው፤ መሐሉ ላይ የተኛች ላም የሚመስል ቡናማ እድፍ አለ። የማሠልጠኛው ጣሪያ ግን መስታወት ነው። በፋውንዴሽኑ ብሮሸር መጨረሻ ገጽ ላይ ፎቶውን ካየች ወዲህ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር እዚያ ናት፦ እሷ በውሃው ላይ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ደመናው በላይዋ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ የሚሄደው ማን እንደሆነ ይጠፋባታል።

«ዕድለኛ ነሽ» አለች ባለሙያዋ። «ካንቺ ቀጥላ ያለችው ልጅ በሦስት መቶኛ ሰከንድ ነው ያመለጣት። እኛም አዘንን። ለመሆኑ ፎቶግራፍሽስ?»

ጭልጥ ቦርሳዋን በረበረች። የለም።

እናቷ ግንባሯን መታች። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሽ አልነበር እንዴ?»

«ግድ የለም፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ ይዛ ትምጣ። ፊርማውም ያኔ ይሆናል፤ ጣትሽም እስከዚያ ይረፍ።»

እናቷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ጭልጥ ገንዳው ዳር ተቀመጠችና እግሯን ውሃ ውስጥ አስገባች። ጣቷን አየችው። በጀርባሽ ስትዋኚ ግድግዳው አይታይሽም። ለዚህ ነው ከግድግዳው አምስት ሜትር ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች በገመድ የሚሰቀሉት። ጭልጥ ከሥራቸው ስታልፍ ቀዘፋዋን ትቆጥራለች፤ በአምስተኛው ጣቶቿ ግድግዳውን ይነካሉ። ካልሲዋን ትርሳ እንጂ ይህን ቆጠራ ስታ አታውቅም።

የማጣሪያው ቀን ግን አራትን ጨርሳ አምስተኛውን ገና ወደ ኋላ ስትወረውር ግድግዳው ቀድሟት ደረሰ። ያን ዕለት በደስታ ሰክራ፣ ጉልበት ጨምሬ ነው ብላ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በዋኘች ቁጥር አምስት ነው። ዛሬ ጠዋትም አምስት ነበር።

ቀና ስትል ጋሽ ክሎሪን ወለሉን ይጠርጋሉ። የገንዳው ጠባቂ ናቸው፤ ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው፣ ገና ከሩቅ ስለሚሸቱ። ረጅሙን ገንዳ ለሁለት የሚከፍለውን ተንሸራታች ግድግዳ ገፍተው ቦታው ላይ የሚያቆሙትም እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ የማጣሪያው ቀን ግድግዳው የት ነበር የቆመው?»

መጥረጊያቸው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ጣቴ።»

ጋሽ ክሎሪን አጠገቧ ቁጭ አሉ። «ሴራሚኩን የቀየሩት ሠራተኞች ምልክቱን አጥፍተውት ነበር። እኔም በዓይኔ ገምቼ አዲስ ቀለም ቀባሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያቆምኩት ግድግዳ አይደል? ዓይኔን አመንኩት። በማጣሪያው ማግስት ስለካው አንድ ስንዝር ጎድሏል። አስተካከልኩት። ልናገር ስል ስምሽ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ፣ አንቺም ከሥሩ ስትዘይ አየሁሽ። አፌ ተያዘ።»

«አንድ ስንዝር ብቻ?»

«አንድ ስንዝር ነው። አንቺ ግን አራት ጊዜ ዋኝተሽበታል።»

ጭልጥ አራት ስንዝር በሐሳቧ ውሃው ላይ ዘረጋች። ሦስት መቶኛ ሰከንድ ከዚያ ውስጥ የት ትገባለች! ተናደደች። በጋሽ ክሎሪን ተናደደች፣ በጣቷ ተናደደች፣ አይታት በማታውቃት በዚያች ልጅ ጭምር ተናደደች።

«እኔ ለማንም አልናገርም» አሉ ጋሽ ክሎሪን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከተናገርሽ ደግሞ አልክድም። አንቺ እንዳልሽ ይሁን።»

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልብስ ሰፊ ናት። ከጎኗ ትናንት ሰፍታ የጨረሰችው ሰማያዊ የጉዞ ሻንጣ አለ። ጭልጥ ሜትሩን ከጠረጴዛው አንስታ ስንዝሯን ለካችበት።

«እማ፣ ልብስ ላይ ስንዝር ቢጎድል ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል ትያለሽ? የሌላ ሰው ልክ ይሆናላ» አለች እናቷ፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። ከዚያ የልጇን ፊት አየች። «ምን ሆንሽ?»

ጭልጥ ሁሉንም ነገረቻት። መኪናው ቆመ። እናቷ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካቻቸው።

«ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ እኮ» አለች በመጨረሻ። «ሻንጣውንም ሰፍቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም። ውሃው ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አሁን ግን እራትሽን ብዪ።»

በማግስቱ ጠዋት እናቷ እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ያዘቻት። «ምን ረሳሽ?»

«ምንም።»

ቦርሳውን ከፈተችው። ቅጹ አለ። ፎቶግራፉ አለ። ከሥሩ የዋና ልብሷና መነጽሯ አሉ። እናቷ የዋና ልብሱን ብዙ አየችው። ለፊርማ የዋና ልብስ ምን ያደርጋል አላለችም። ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰችና ቦርሳው ውስጥ አንድ ነገር አጥፋ ጨመረች።

«ፎጣ ረስተሻል» አለቻት።

ቢሮው ውስጥ ባለሙያዋ እስክሪብቶውን ከፍታ አቀበለቻት። ጭልጥ ፎቶግራፉን አስቀመጠች፤ ቅጹን አላስጠጋችውም።

«መጀመሪያ ገንዳው ይለካልኝ። ከዚያ እንደገና ሰዓት ይያዝልኝ።»

«ጭልጥ! ምን ነካሽ?» አለ አሰልጣኙ። «ውጤቱ ወጥቶ አለቀ፣ ጉድ እንዳታፈዪ!»

ጭልጥ ገና ስትመጣ ነግራቸው ነበርና ጋሽ ክሎሪን ረጅሙን ሜትር ይዘው ገቡ። ቆባቸውን አወለቁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ጀመሩ፤ ባለሙያዋም እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም።

«የሁለተኛዋ ልጅ ሰዓት ላይ ካልደረስሽ ቦታው ለእሷ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?» አለች ወደ ጭልጥ ዞራ።

«አውቃለሁ» አለች ጭልጥ።

ግድግዳው ተለካ፤ ልክ ነው። አሰልጣኙና ባለሙያዋ ሁለቱም ሰዓት ያዙ። ፊሽካው ሲነፋ ጭልጥ ወደ ኋላ ተወረወረች፣ ኮርኒሱም በላይዋ መሄድ ጀመረ። ላሟ መጣች፣ አለፈች፣ ተመለሰች። ደመናውን ልታስብ ሞከረች፤ እምቢ አላት። ክንዷ እየነደደ፣ ጆሮዋ በውሃ ተደፍኖ፣ ላሟን ብቻ እያየች ቀዘፈች። ለመጨረሻ ጊዜ ከባንዲራዎቹ ሥር አለፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አምስት።

ጣቷን አላመማትም።

አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ባለሙያዋን አየ። «በሠላሳ አንድ መቶኛ ሰከንድ ከልጅቷ ኋላ ነሽ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «አልደረሰም።»

ጭልጥ ፊቷን ውሃ ውስጥ ነከረች። አለቀሰች፤ እዚያ ውስጥ ማን ያያል። ስትወጣ ባለሙያዋ ገንዳው ዳር ቁጢጥ ብላለች፤ የጫማዋ አፍንጫ ርሷል።

«የሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያ ላይ ራሴ ሜትር ይዤ እመጣለሁ» አለቻት። «አሁን ለዚያች ልጅ ልደውልላት ነው።»

«እሺ» አለች ጭልጥ። ባለሙያዋ ልትነሳ ስትል ግን ጠራቻት። «ጣሪያው መስታወት መሆኑን ይንገሯት። ብሮሸሩ ላይ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው ያለው፤ ላታየው ትችላለች።»

ከዚያ ግድግዳውን በእግሯ ገፋ አድርጋ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። ላሟ እንደተኛች ናት።