የሙገሳው ክፍት ቦታ

ሰባት ሰዓት ላይ በትርጉም ቢሮው ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር፤ መዝገበ ቃላቱ በግራ፣ የተቀረጸው እርሳስ በቀኝ፣ ከባዱ የብረት ወረቀት መጫኛ መሐል። አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌው ተርጓሚ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። መጫኛው ደም ነክቶታል።

መርማሪዋ ስትደርስ የሟች የእህት ልጅ፣ እሷም ተርጓሚ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አላለቀሰችም።

«ቁልፍ ያለን እኔና ባለቢሮው ብቻ ነን። እሱ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበር፤ እኔ እዚሁ ታች ክፍል።»

ከስብሰባ የተመለሰው ባለቢሮ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የታተመ ገጽ አንስቶ አሳየ። ራስጌው «የመጀመሪያ ረቂቅ፣ ዘጠኝ ሰዓት» ይላል።

«ጋሼ ሁልጊዜ ሰዓቱን ይጽፋሉ። ዘጠኝ ላይ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። አንቺ ልጅ፣ እመኚና ይቅለልሽ!»

«አላምንም! ብታስረኝም፣ ብትሰቅለኝም ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም!»

ገጹ ስለ ባለቢሮው ወንድም፣ ስለ ቀዶ ሐኪሙ፣ ለውጭ አገር ሥራ በስፓኒሽ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር፦ «ወደር የለሽ ሊቅ፣ ባለ ወርቅ እጅ፣ የሆስፒታላችን ፀሐይ።» መርማሪዋ የሟችን ቁምሳጥን ከፍታ የድሮ ረቂቆቻቸውን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር።

በማግስቱ ጧት ልጅቷን፣ ባለቢሮውንና ሐኪሙን ሰበሰበች።

«ይህን ሙገሳ አንቺ እንዴት ትጀምሪዋለሽ?» ስትል ልጅቷን ጠየቀች።

«አልጀምረውም። ክፍት እተወዋለሁ። አጎቴ ሙገሳን የሚሞሉት መጨረሻ ላይ፣ ሰውየው የሠራውን አጣርተው ነው። ስፓኒሹ ‹ፀሐያችን› ሲል ለስንብት ወግ ያህል ነው። ቃል በቃል እንግሊዝኛ ላይ ካሰፈርሽው ግን አንባቢው ያምነዋል፤ ለሐኪሙም የቀዶ ቢላ ያስጨብጠዋል።»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የመጀመሪያ ረቂቆች አየሁ» አለች መርማሪዋ። «በሁሉም የሙገሳው ቦታ ክፍት ነው። የአንቺም እንደዚያው። ይሄ ገጽ ግን አንድ ክፍት ቦታ የለውም። ስለዚህ የጻፈው እሳቸውም አይደሉም፣ አንቺም አይደለሽም። ደግሞስ ገዳይዋ ብትሆኚ አንቺኑ የሚያሳስርሽን ሰዓት ለምን ትጽፊያለሽ? ዘጠኝ ሰዓት የሚጠቅመው ዘጠኝ ላይ ሌላ ቦታ የታየውን ሰው ነው።» ወደ ባለቢሮው ዞረች። «ከስምንት በፊት ገድለዋቸው ስብሰባ የሄዱትን፣ እርስዎን።»

«ለአንድ ሙገሳ ብሎ ሰው የሚገድል ማን ነው?» ሊስቅ ሞከረ።

ሐኪሙ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ ‹ሙገሳውን እንዲህ ተርጉሜ አልፈርምም› አሉኝ ብዬ የነገርኩህ... ወንድሜ፣ ምን አድርገሃል?»

«ላንተ ብዬ ነዋ!» ብሎ ጮኸ ባለቢሮው፤ ያመለጠውን ቃል ግን መመለስ አልቻለም።

ልጅቷ የአጎቷን ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሐኪሙን ሥራ አጣርታ ደብዳቤውን ለፍርድ ቤቱ ራሷ ተርጉማ በስሟ ፈረመችበት። በስፓኒሽ አርባ አንድ ቃል የነበረው ሙገሳ በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ቃል ወጣው፦ ሁለት ዓመት አብሮን ሠርቷል፤ አንድም ቀን አላረፈደም።