አሥራ አንደኛው መስመር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመስኮት ሦስት ሠራተኛ እንደ ወትሮዋ መስታወቱን ወለወለች፤ ማኅተሟን ከመሳቢያ አወጣች፤ የመጀመሪያዋንም ባለጉዳይ ጠራች። ለሥራ ውጭ አገር የሚሄዱ ሴቶች ቅጽ የሚያስገቡት እዚህ ነው።

የቀረቡት ጸጉራቸው የሸበተ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። የሆስፒታል የሥራ ውል ይዘዋል። አሥራ አንደኛው መስመር ግን ባዶ ነው፦ «የባል ወይም የአባት ፈቃድ፤ ከሌሉ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ።»

«ባሌንም አባቴንም ቀብሬያለሁ» አሉ አዋላጇ።

«ወንድ ልጅስ የለዎትም፣ እናቴ?»

«አለኝ። ‹ሰው ምን ይለኛል› ብሎ አልፈርምም አለ። ስንቱን ልጅ በእጄ አወጣሁ፤ እኔን የሚያወጣኝ ደግሞ ልጄ ሆኖ ቀረ።» ሳቁ። «በር ላይ አንድ ደላላ ‹ያለ ፊርማ እወስድዎታለሁ› ብሎኛል። ውሉ እስከ ዓርብ ካልጸደቀ ይሰረዛል።»

«እስከ ዓርብ ደላላውን እንዳይሰሙት።»

ሠራተኛዋ በዚህ መስመር የተነሳ የመለሰቻቸውን የዘጠኝ ዓመት ቅጾች ታቅፋ ወደ ዳይሬክተሩ ወጣች። እሳቸው ከተቀባዩ አገር ጋር የሚፈረመውን ስምምነት እያረሙ ነበር፤ ቅጹም የስምምነቱ አባሪ ነው።

«መስመሩ እኮ ለእነሱው ጥበቃ ነው፣ እህቴ» አሉ። «ሴት ልጅ ብቻዋን አትላክም።»

«ብቻዋን የላክናትማ እኛ ነን።» ከኤምባሲው የመጣውን የድረሱልን ጥሪ ዝርዝር ከቅጾቹ ጎን አስቀመጠች። «ስሞቹን ያስተያዩ። እኔ የመለስኳቸው ናቸው። ውል የላቸውም፤ ፓስፖርታቸውን አሠሪ ቆልፎበታል። እኛ ከመስኮት ስንመልስ ደላላው ከበር ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ የምንጽፈው ደብዳቤ ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› ነው።»

ዳይሬክተሩ አንዱ ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህችኛዋ የልጆቼን ዩኒፎርም የምትሰፋዋ ናት» አሉ። «ሱቋ ለምን እንደተዘጋ እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ።»

በማግስቱ ሁለቱም ሚኒስትሯ ፊት ቀረቡ። ስምምነቱ ላይ አዲስ አንቀጽ ገባ፦ የተጓዧ ፓስፖርት ከራሷ እጅ አይወጣም፤ በኤምባሲውም አቤቱታዋን የሚሰማ ሰው ይመደባል።

ዓርብ ጠዋት አዋላጇ አዲሱን ቅጽ በገዛ እጃቸው ፈርመው፣ ቀና ብለው ወጡ። ደላላውን ሲያልፉት ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሠራተኛዋ ቆማ ሸኘቻቸው፤ በሥራዋ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ሴትን መጠበቅ መንገዷን መዝጋት አይደለም፤ የምትሄድበትን መንገድ ብርሃን ያለው ማድረግ ነው።

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ገና አልተከፈተም። ቅጹ ላይ ግን አሥራ አንደኛው መስመር የለም።