ቴምስበሪ ማንንም ያልላከችበት ዓመት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም.፣ በሴፕቴምበር ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ማለዳ፣ በቬርሞንት ግዛት ከቴምስበሪ ከተማ በላይ የተንጋለለው የምሥራቅ ኮረብታ ጉሙን አልገለጠም ነበር፤ የሜፕል ዛፎቹ ጫፍ ጫፋቸው መቅላት ጀምሯል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የበቀለው ሣር ታጭዶ ገና አልተሰበሰበም። ሊማን ቻፊ ግን ለሣሩም ለዛፉም ዓይን አልነበረውም፤ ላሞቹን ከወትሮው ቀድሞ አልቦ፣ ክራቫቱን ደጋግሞ አስሮ ፈትቶ፣ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ልጁን አልሚራን «ቶሎ በይ እንጂ!» እያለ ይጣራል። ዕድሜው ስድሳ አንድ ነው፤ ጎረቤቶች በአጥር ሲጣሉ ገብቶ ከመዳኘት በቀር ሹመት ቀምሶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን በግዛቲቱ ምክር ቤት የቴምስበሪ እንደራሴ ለመሆን ሊወዳደር ወጥቷል።

ከእርሻው ያስወጣችው አንዲት ክፍል ብቻ ያላት የኮረብታው ትምህርት ቤት ናት። ግድግዳዋን ያቆመው የሊማን አባት ከጎረቤቶቹ ጋር ነው፤ የምድጃዋን እንጨት ኮረብተኞቹ ተራ ገብተው ይፈልጡላታል፤ አስተማሪዋን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ስኳር የሚሠሩበት የሜፕል ወለላ መንጠብጠብ ሲጀምር ልጆቹ ለሥራው እንዲደርሱ ማንንም ሳያስፈቅዱ ይዘጓታል። ሟች ሚስቱ እዚያ አስተምራለች፤ ዛሬ አልሚራ ታስተምራለች። በዋና ከተማዋ በሞንትፔሊየር ግን፣ የየሰፈሩን ትምህርት ቤት ከሰፈሩ እጅ ወስዶ ለከተማ ሹማምንት የሚሰጥ ሕግ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ነበር። የቴምስበሪ ሹማምንት ማለት ደግሞ ዳኛ ሆረስ ፔክና ከመንደሩ ሱቅ በረንዳ የማይጠፉት ወዳጆቹ ናቸው፤ ፔክ ሁለት ጊዜ እንደራሴ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሕጉ በመጣ ማግስት የኮረብታዋን ትምህርት ቤት ዘግቶ ልጆቹን ወደ ታች ወደ መንደሩ እንደሚያስወርድ በአደባባይ ተናግሯል።

ሊማን በጋውን ሙሉ ከእርሻ እርሻ እየዞረ አንድ ነገር ብቻ ሲናገር ከረመ። «መንግሥት ሌባ ይያዝ፤ ድልድይ ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ይቀመጥ» ይል ነበር፤ «ሹመት ሲቀርብለት እጁን የሚሰበስብ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም።»

በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ዳኛ ፔክ ሆዱን አስቀድሞ ቆሞ ጠበቀው።

«አቶ ሊማን፣ መንግሥትን እንዲህ ከጠሉት ሊገቡበት ምን አጣደፈዎት?»

«በሩ ላይ ቆሜ ከኮረብታዬ ልመልሰው ነዋ፣ ዳኛ።»

«ታዲያ በሩ ሞንትፔሊየር ነው፤ እዚያ ደግሞ ጫማ ጠርገው ነው የሚገቡት!»

«የእኔ ላይ ያለው የላም እበት ነው፤ የእርስዎ ላይ ያለውን ግን አላውቅም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ፔክም አብሮ ሳቀ፤ ሊማን ግን ሳቁ ሳያልቅ ወደ ውስጥ ገባ፤ እግሩ አንድ ቦታ አላርፍ ብሎታል።

የምርጫው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ መራጩ ሁሉ የሚፈልገውን ሰው ስም በወረቀት ጽፎ፣ የስብሰባው መሪ ሻምበል ሃዝን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ይዘውት በተመለሱት ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ እንደራሴ ይሆናል፤ ያገኘ ከሌለ እንደገና ይጻፋል። አንድም የማይጣስ ደንብ አለ፤ ተወዳዳሪ የራሱን ስም አይጽፍም፤ የተቀናቃኙን ይጽፋል። ሕግ ሆኖ የትም አልተጻፈም፤ የሚቆጣጠረውም የለም፤ ግን ራሱን መረጠ ከመባል በስርቆት መታማት ይሻላል።

በመጀመሪያው ዙር አረቄ ይከልከል የሚሉት ዲያቆን ዊሎክ ጥቂት ድምፅ ስለወሰዱ ማንም ግማሹን አላለፈም፤ ዲያቆኑም ሴቶቹ ያቀረቡትን ባቄላና የአሳማ ሥጋ በልተው ከጠገቡ በኋላ ራሳቸውን አገለሉ። በሁለተኛው ዙር አምሳ ስምንት ለአምሳ ስምንት ሆነ። በሦስተኛውም አምሳ ስምንት ለአምሳ ስምንት። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ስትጀምር ኮረብተኞቹ ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጡ ጀመር።

የሊማን የልብ ወዳጅ ዜናስ ቡርክ ተጠግቶ «ላሞቼ ሲጮሁ እየሰማኋቸው ነው» አለው።

«አራት ማይል ርቀት ላይ?»

«ጡታቸው ሲሞላ እኔን ነው የሚያመኝ። አንድ ዙር እቆያለሁ ሊማን፤ ከዚያ በኋላ ግን አትቀየመኝ። የመንደሩ ሰዎች ቤታቸው ሁለት እርምጃ ነው፤ አልበው ተመልሰው ይመርጣሉ። እኛ ከወጣን ወጣን ነው።»

ሊማን «ቆዩልኝ» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ ሰውን ከሥራው የሚያስቀር ኃይል ሊኖር አይገባም ሲል የከረመ እሱ ራሱ ነው። አየር ፍለጋ ወደ አዳራሹ ጓዳ ወጣ፤ እዚያ አልሚራ ከሴቶቹ ጋር ሳህን ታጥባለች።

«አባባ፣ የማንን ስም ሲጽፉ ዋሉ?»

«ታውቂው የለ።»

«የዳኛ ፔክን! ትምህርት ቤቴን ሊዘጋ ለተነሣ ሰው ድምፅዎን ሲሰጡ ዋሉ!»

«ደንብ ነው፣ ልጄ። እሱም የእኔን ይጽፋል።»

«አይተዋል?»

ሊማን ከክምሩ አንድ ሳህን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«አንዲት ወረቀት እኮ ናት» አለች። «ለሴትም ወረቀት ቢሰጥ ኖሮ እርስዎን ቆሜ አልለምንም ነበር።»

ወደ አዳራሹ ሲመለስ አራተኛው ዙር ተጀምሯል። ፔክ ጥግ ይዞ በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲጽፍ አየው፤ እንደዚያ ሸፍኖ የሚጽፈው ምን ቢሆን ነው? ሊማን እርሳሱን አነሣ፤ የሚስቱ ፊት መጣበት፤ ባዶዋ ምድጃ ታየችው፤ ሕይወቱን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የገዛ ስሙን ጻፈ። ወረቀቷን አጣጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ሲጥል ጆሮው እንደ ፍም ነደደ። ግን ደስታም ነበረው፤ ከፔክ አንድ ቀንሶ ለራሱ አንድ ጨምሯል፤ አምሳ ዘጠኝ ለአምሳ ሰባት ይሆናል፤ አለቀ።

ሻምበል ሃዝን አንድ በአንድ ቆጥረው ጨረሱ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አቶ ቻፊ አምሳ ስምንት። ዳኛ ፔክ አምሳ ስምንት።»

አዳራሹ በምሬት ተንጫጫ። ሊማን ከሰዎቹ አንዱ ወጥቶ እንደሆነ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዜናስ አለ፤ ሁሉም አሉ፤ ጠቅላላው ድምፅም እንደ ቀድሞው ነው። እንግዲያስ እሱ ወዲህ ያመጣትን አንዲት ድምፅ ሌላ ሰው በዚያው ዙር ወዲያ መልሷታል። ቀና ሲል ዳኛ ፔክ ያየዋል፤ የፔክ ፊት እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ፔክ ቀኑን ሙሉ ደንቡን ጠብቆ የሊማንን ስም ሲጽፍ ውሏል፤ ሁለቱም ደንቡን የሰበሩት በአንድ ዙር ነው። አዳራሹን ከሞላው ሰው መካከል ይህን ያወቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ሊማን አፈረ። ሹመት ሲቀርብለት እጁን የሚሰበስብ ሰው አላየሁም ሲል ከርሟል፤ ራሱን ግን ከቁጥር አላስገባም ነበር። አምስተኛ ዙር ቢጠራ እንደገና የራሱን ስም እንደሚጽፍ ልቡ ነገረው፤ ከሁሉ በላይ ያስፈራው ይህ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ።

«ሻምበል፣ ቴምስበሪ ዘንድሮ ማንንም እንዳትልክ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«እደግፋለሁ!» አለ ፔክ፣ የሊማን ቃል ሳያልቅ።

አዳራሹ አንዴ ጸጥ አለና በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ «መንግሥት ይነስ አለ፤ ይኸው ከራሱ ጀመረ!» ብሎ ጮኸ። እጅ በጥድፊያ ወጣ፤ ሐሳቡ ጸደቀ፤ ሰዉም ወደ ላሞቹ ተበተነ።

ሠረገላው ዳገቱን አጋመሰ። አልሚራ ፊቷን ሳታዞር «የራስዎን ስም አልጻፉም፣ አይደል?» አለችው። ሊማን ልጓሙን ሳብ አደረገ። «ኩራትዎ ትምህርት ቤቴን በላት» አለችና አለቀሰች፤ እሱም የማይገባውን ክብር ታቅፎ ዝም ብሎ ነዳ።

ሕጉ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ። ምድጃዋ ተነቅላ ወደ መንደር ወረደች፤ አልሚራ ልታስተምር ወደ ማሳቹሴትስ ሄደች፤ ወደ አባቷም እምብዛም አትጽፍም ነበር። ፔክና ሊማን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ያየ ሁሉ መከባበር መሰለው።

ፔክ ከሞተ በኋላ፣ በ1906 ዓ.ም. ከተማዋ የልደት በዓሏን ስታከብር የታሪክ መጽሐፍ አሳተመች። ስለዚያ ማክሰኞ የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ «ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከማለዳ እስከ ማታ አንዳቸው ለሌላው ድምፃቸውን ሲሰጡ ዋሉ፤ የጥንት ሰዎች ትሕትና እንዲህ ነበር።» መጽሐፉ ውሸታም አይደለም፤ የጻፈው ሰው ያን ቀን የነበሩትን ሁሉ ጠይቆ ነው የጻፈው፤ መናገር የሚችሉት ሁለቱ ብቻ አልተናገሩም። ከተማ የሚታወስበትን ከእንዲህ ያለ ዝምታም ይሠራል፤ የልጅ ልጆችም ያንን አምነው ቀና ብለው ይሄዳሉ።

ቃሉ ከመድረክ ሲነበብ ሊማን ፊት ወንበር ላይ ነበር፤ ሰባ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ለበዓሉ የመጣችው አልሚራ ጎንበስ ብላ እጁን ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ያን ቀን ክፉ ተናገርኩዎት፣ አባባ። እርስዎ ልክ ነበሩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሊማን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ጭብጨባው ግን ገና አላባራም ነበር፤ ባበቃም ጊዜ አፉን ዘግቶ እጇን መልሶ ያዘ።